አስፋልት ላይ ያደገ መምህር

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰው እንዴት ነው የሚራመደው? ቀላል ጥያቄ ከመሰላችሁ አስፋልት ላይ ያደገ ሰው አልገጠማችሁም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው አገሩ በሙሉ እንደ ሰፈሩ የተነጠፈ ይመስለዋል።

አዲስ አበባ ፊልም ትምህርት ቤት አኒሜሽን ያስተማሩኝ መምህር ከነዚህ አንዱ ነበሩ። የመጀመሪያው የቤት ሥራ ሰውን ማራመድ ነበር፤ ሃያ አራት ሥዕል ተሥሎ የሚገኘው ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። ዝናብ የማይለየው ቴፒ ነውና የተወለድኩት፣ የማውቀውን ሣልኩ፤ ጉልበቱን ሸብረክ፣ እጆቹን ዘርጋ አድርጎ እግሩን ከመሬት እየነቀለ የሚሄድ ሰው።

«ልጄ፣ ሰው እንዲህ አይሄድም። ይሄ ዳክዬ ነው» አሉኝ።

ክፍሉ ሳቀ። ከአሥር ሁለት ሰጡኝ።

ክረምት ላይ ለእረፍት ቤተሰቦቼ ዘንድ ሳለሁ፣ እኚሁ መምህር ለቀረጻ የሚሆን የቡና ማሳ ሊያዩ ቴፒ መጡ። በሐምሌ፣ ያውም በሚያብረቀርቅ ጫማ። ልቀበላቸው መናኸሪያ ወጣሁ።

ከሚኒባሱ ወርደው አንድ እግራቸውን ጭቃው ላይ ሲያሳርፉ ባጃጆቹ ሁሉ ሞተር ያጠፉ መሰለኝ። መምህሬ ጉልበታቸውን ሸብረክ አደረጉ። እጆቻቸውን ዘረጉ። ከዚያም እግራቸውን ከመሬት ነቀሉ፤ ጫማው ግን እዚያው ቀረ። በልቤ ስቆጥር ከሃያ አራቱ ሥዕሎቼ አንድም አልጎደለም።

ትከሻዬን ተደግፈው በአንድ እግራቸው ቆሙ።

«ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው እንዴት ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

«እንደ ዳክዬ ነው፣ መምህር» አልኳቸው፣ ጫማቸውን ከጭቃው እየነቀልኩ።