የሚያምር እንጂ የማይነበብ ካርድ

በደል ደርሶብኛልና ይመዝገብልኝ። የልጅ ልጄ የሐያት የሠርግ ጥሪ የታተመው ሰው በማያነበው ፊደል ነው። እኔ እንኳ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ ይህኛው ግን እንደ ሐረግ እየተጠማዘዘ አንዱ በሌላው ላይ ይጠመጠማል። ለመሆኑ ፊደል ወገቡን ሲያወዛውዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቺሮ ውስጥ ከመነበብ ማማር ይበልጣል የሚሉ ሰዎች በዝተዋል፤ የመድኃኒት ቤቱም ሰሌዳ እንዲሁ ሆኗል።

ሂርና ያለችው እህቴ ደወለችልኝ። "ካርዱ ማሻአላህ ያምራል፤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ግን ሠርጉ መቼ ነው?"

ካርዱን ይዤ ወደ አታሚው ገሰገስኩ።

"እማማ፣ የእጅ ጽሑፍ የሚመስል ፊደል እኮ ነው፤ ለውበት ነው" አለኝ።

"እስቲ አንተው አንብብልኝ!"

ስሞቹን እንደምንም ተወጣቸው። ቀኑ ላይ ሲደርስ ግን ቀስ ብሎ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ።

"አየህ? እህቴ ከሠርጉ ከቀረች ውበቱ ምን ያደርግላታል?"

ሳቀና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ወላሂ እውነትዎን ነው። የሙሽሮቹ ስም እንዳማረ ይቆይ፤ ቀኑንና ቦታውን ግን ዛሬውኑ በግልጽ ፊደል አትምልዎታለሁ። ከእንግዲህም እርስዎ ሳያነቡት ከዚህ ቤት ካርድ አይወጣም።"