ባሕሩ ያገባኛል

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሏት ከተማ ባሕር የለም። ፍለጋ እንዳትለፉ ብዬ ነው የምነግራችሁ። ስለ ባሕር ስብሰባ የሚጠራው ግን እዚያው ነው። እኔም ባሕር የሌላት አገር ልጅ፣ ባሕር በሌለበት ከተማ፣ ስለ ባሕር ልናገር ሄጄ የአዳራሽ መሳቂያ ሆንኩ። ቆጨኝ ወይ? ቅንጣት አልቆጨኝም! አሁንም ጥሩኝና እሄዳለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሁዳዴ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር እኔ የለሁበትም፤ ሊቃውንቱ ይጨርሱት። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወንዝ ተሻግረን አሌክሳንድሪያ ያለነው ሐበሾች ግን እነሱን ሳንጠብቅ በልተን ጨርሰናል። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፤ ታዲያ መከራው ሁሉ የሚወርደው በማን ላይ ነው? በዓሣው ነዋ! እኛ እንጾማለን፣ እሱ ያልቃል። የኛ ጽድቅ እንዲህ ነው።

ባሌ ታደሰ ሆቴል ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ፣ እዚህ እስኪመጣ ከበሬሳ ወንዝ ሌላ ውኃ የማያውቅ ሰው ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ኩለር የሚሉትን ማቀዝቀዣ ሣጥን በበረዶ ሞልቶ፣ ከጓደኛው ከጋሽ መኮንን ጋር ይኼ የኛ ወንዝ ከባሕሩ ወደሚገናኝበት ዳርቻ ይነዳል። እሱ ያጠምዳል፣ ቅርፊት የምፍቀው እኔ ነኝ። የዓሣዋን ዓይነት ግን አልነግራችሁም፤ ባሌ ቅጣት ፈሪ ነው።

አንድ ቅዳሜ የአንዷን ሆድ ስቀድ እንቁላል ነው። ሌላዋን ስቀድ እሷም እንቁላል። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። እኛ አገር እርጉዝ ላም አይታረድም። ሳያውቅ ያረደ ሰው እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚከርመው። ታደሰን እርጉዝ ነው ያረድከው ብለው፣ ዓሣ ደግሞ መቼ ያረግዛል ብሎ ሳቀብኝ። እሺ፣ ታዲያ በጾም እንቁላል ልታበላኝ ነው ወይ ስለው ግን ሳቁን ዋጠው።

ይኼን ጊዜ ነው የመንግሥት ማስታወቂያ የመጣው። ይዞት የመጣው ራሱ ታደሰ ነው፣ እየተንጨረጨረ። ያ የሚያጠምዱበት ዳርቻ ተከልሎ፣ ዓሣው በሚራባበት ወቅት መንጠቆ የሚባል እንዳይገባ ሊደረግ ነው፤ ሐሳብ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቶ ይናገር ይላል። እሱና ጋሽ መኮንን ሊቃወሙ ቆረጡ። እኔም መኪናው ውስጥ ገባሁ። ልደግፋቸው መስሏቸው ደስ አላቸው፤ ቡናም ገዙልኝ።

አዳራሹ ውስጥ አንዱ ባለሙያ በስዕል እያሳየ አስረዳ። ዓሣዋ ኑሮዋ ውቅያኖስ ነው አለ። ልትወልድ ስትል ብቻ ያን ሁሉ መንገድ ዋኝታ ወደዚህ ትመጣለች፤ ልጆቿም እዚያ ዳርቻ በባሕር ሣር ውስጥ ተደብቀው ያድጋሉ፤ ክራብ የሚሉት ሸርጣንም እንደዚያው። የበኩሯን ልትወልድ እናቷ ቤት የምትመጣ ልጅ ማለት እኮ ናት! እኛ ደግሞ ደጃፉ ላይ መንጠቆ ይዘን እንቀበላታለን።

ጋሽ መኮንን ተነሡ። ዓሣ ማጥመድ ከአባት ከአያቶቻችን የወረስነው ባህላችን ነው ብለው ተናገሩ። ልብ በሉ፣ ጋሽ መኮንን የመንዝ ሰው ናቸው። ባሕር የለንም እንጂ ባህል መች አጣን?

እጄን አወጣሁ። ልደግፋቸው እንዳልመጣሁ ታደሰ የገባው ያኔ ነው። እጅጌዬን ይዞ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ተቀመጪ ይለኛል። ጋሽ መኮንን ዞር ብለው፣ «ደግሞ አንቺን የባሕር ነገር ምን ያገባሻል?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፤ ለንዴት ግን አይበቃም። ደግነቱ አስተርጓሚ ተመድባ ነበር፤ እዚያው አጠገብ ዊተን ተወልዳ ያደገች፣ ሱፍ የለበሰች ሸጋ ልጅ። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው፤ ብዪ፣ ጠጪ፣ ተኚ። ማይኩን ያዝኩና ጋሽ መኮንንን አየሁ፤ «ባሕሩ ያገባኛል!» አልኩ።

ልጅቷም በጠራ እንግሊዝኛ፣ ባሕሩ እኚህን ሴት ሊያገባቸው ነው ብላ ተረጎመች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው ሰውዬ ሠርጉ መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። ይኼን ይኼን ያለ አስተርጓሚ እሰማለሁ። ልጅቷ ደነገጠች፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ይቅርታ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?» አለችኝ። ላርማት እችል ነበር። ዝም ብዬም መቀመጥ እችል ነበር፤ ዝም አይነቅዝም ይላሉ። አይነቅዝም፤ ግን እስቲ ዝም ብሎ የጸደቀ ንገሩኝ! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉትም እኮ እነሱው ናቸው።

«አልተሳሳትሽም የኔ ልጅ» አልኳት። «እንዳልሽው ይሁን፣ ያገባኛል። ካገባኝ ደግሞ ቤቴ ነው። በቤቴ እርጉዝ አይታረድም በይልኝ።»

ይኼኛውን አንድም ሳታጎድል አደረሰችልኝ። ከኋላ አንዲት ባልቴት ፈረንጅ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ከዚያ ሌላው ተከተለ። ታደሰ ጫማውን እያየ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ የወንዙን ድልድይ ስንሻገር ጋሽ መኮንን አላስቻላቸውም፤ አይ ታደሰ፣ ባሕሩ ሽማግሌ እንኳ ሳይልክ ሚስትህን ወሰደብህ አሉት። እኔ በመስኮት ውኃውን እያየሁ ሳቄን ታገልኩት።

ዳርቻው ተከለለ። በኔ ቃል ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ ሰው ተናግሯል፣ ብዙም ተጽፏል። ታደሰ ግን ከኔ ሌላ ተጠያቂ አይታየውም። በተከታዩ ሁዳዴ፣ እስቲ በዓይኔ ልየው ብሎ ነድቶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ባዶ ኩለሩን እየጎተተ ገባና ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ባልሽ ደጁን ዘጋብኝ» አለኝ።

ሽሮውን ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«እሱን ተወው። የዘጋሁብህ እኔ ነኝ። ብላ።»