«እንብላ» የማትለው እባብ

ሰው በሁለት ነገር ተከራክሮ ተስማምቶ አያውቅም። አንደኛው የማን እናት ወጥ ይበልጥ ይጣፍጣል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጌሞች ሁሉ የትኛው ይበልጣል የሚለው ነው። በመጀመሪያው ጉዳይ ዳኝነት መስጠት አልፈልግም፤ ትዳር አለኝ። በሁለተኛው ግን የራሴ ሐሳብ አለኝ፤ ሐሳብ ደግሞ እንደ ጉንፋን ነው፤ ለሌላ ሰው ካላጋቡት አይለቅም።

ያን ሰሞን እኛ እንጅባራ ላይ ክርክሩ ጦፎ ነበር። ከመነኻሪያው ወረድ ብለው የተደረደሩት ጌም ቤቶች ውስጥ ለሚውለው ወጣት ከኳሱ ጌም ሌላ ጌም አልተፈጠረም። ከዳንግላ ተዛውሮ የመጣው የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ደግሞ የመኪና እሽቅድምድሙን ያስበልጣል፤ ጎማው ሲጮህ ደሙ ይሞቃል አሉ። በገሃዱ ዓለም ከብስክሌት በቀር ነድቶ አያውቅም፤ ብስክሌቱንም ቁልቁለት ላይ ወርዶ ነው የሚገፋት። ከላይ የሚወርዱትን ጡቦች እያገጣጠሙ ግድግዳ የሚሠሩበትን ጌም የሚወዱም አሉ። እነዚህን ሰዎች አከብራቸዋለሁ፣ ግን አልቀርባቸውም፤ በበዓል ቀን ግንብ ሲገነባ የሚውል ሰው ያስፈራኛል።

እኔ ምን አልኩ? «እባቧ» አልኩ። ሳቁብኝ። አናቱ ላይ ባትሪ ያለው፣ ቢወድቅ የማይሰበር፣ ገበሬው ሁሉ የሚይዘው ስልክ ላይ ያለችውን፣ ነጥብ እየዋጠች የምትረዝመውን ጥቁር መስመር ማለቴ ነው። ሥዕል የላት፣ ቀለም የላት፣ ሙዚቃ የላት። ባልደረባዬ በጣት የሚዳበስ አዲስ ስልኩን እያሳየ፣ በዚህ ዘመን እባብ የሚያጫውት ሰው የቀረው እንጅባራ ብቻ ነው ብሎ ዳንግላን በሙሉ ከነቀፋ ነጻ አወጣ። ምክንያቴን ለመንገር አባቴን ማንሣት ነበረብኝ፤ አባቴን ደግሞ ለመሳቂያ አላቀርብም። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ፤ ብትስቁም አብራችሁኝ ነውና።

እናቴ ያረፈችው በጥር ነው። አርባዋ እንደወጣ አባባን ከመንደራቸው ከዘንገና አምጥቼ እንጅባራ እኛ ቤት አስቀመጥኳቸው። እኔና ባለቤቴ የሺ ለእሳቸው ያላደረግነው የለም። ደህናውን አልጋ ሰጠናቸው፣ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ደረብንላቸው። ምግብ ሲደርስ ከሁሉ በፊት ለእሳቸው ይቀርባል። ለብቻቸው፣ በአዲሱ ትሪ፣ እኔ እጃቸውን አስታጥቤ፣ የሺ ውኃ ይዛ ቆማ። እኛ የምንበላው እሳቸው ከተነሡ በኋላ ነው፣ ማድ ቤት፣ ድምፃችንን ቀንሰን። አባት እንዲህ ካልተከበረ ታዲያ ማን ይከበር?

አባባ ግን አይበሉም። አንዴ ቆረስ፣ አንዴ አጥቀስ ያደርጉና «ተመስገን፣ ጠገብሁ» ብለው ትሪውን በሁለት ጣታቸው ገፋ ያደርጋሉ። በዐቢይ ጾም ነገሩን ጾሙ ሸፈነልን። ፋሲካ ይምጣ እንጂ አልን። ፋሲካ መጣ፤ የሺ የሠራችው ዶሮ እንደቀረበ ተመለሰ። ሰውየው እየሳሱ ሄዱ፤ ጋቢያቸው ራሱ የሌላ ሰው መሰለ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፤ አገላብጠው መረመሯቸውና ምንም የለባቸውም አሉኝ። የለም የተባለን በሽታ በምን መድኃኒት ያድኑታል?

የደነገጥኩት ግን በአንድ ረቡዕ ነው። የሺ ቅቤ የገባበት ድንች ወጥ አቀረበችላቸው፤ አባባ ቀና ብለው «ልጄ፣ ጾም ላይ ነኝ» አሏት። እኔና የሺ ተያየን። በዓለ ሃምሳ እኮ ነው! ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ነው። አባባ ደግሞ ጾም የሚገባበትንና የሚወጣበትን ለመንደሩ የሚያስታውሱ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው በሃምሳ ጾምኩ ካለ፣ ወይ ቀኑ ጠፍቶበታል፣ ወይ መኖር ሰልችቶታል። ቀኑ እንዳልጠፋባቸው አውቃለሁ። እናቴን ከቀበርኩ ገና ወራት ቢሆነኝ ነው፤ ሁለተኛ ለመቅበር ጉልበት አልነበረኝም።

የከተማው ግርግር ያጫውታቸው ይሆናል ብዬ ይዣቸው ወጣሁ። ከተማውን ስናይ፣ ከአንዱ ጌም ቤት የሚወጣው ጩኸት ሳባቸውና ገባን። ጌም ቤት ሕግ አለው፤ «ተሸናፊ ይነሣል» ይባላል፤ በሩ ላይ ለአባባ ነገርኳቸው። የተሸነፈ እጀታውን ለቀጣዩ አስረክቦ ይነሣል፤ ይግባኝ የለም። ታዲያ አባባ በበሩ ጎንበስ ብለው ሲገቡ ምን ይሆናል? የጎጃም ልጅ ምንም ጌም ቢይዘው ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ አይልም። አሸናፊውም ተሸናፊውም ተመልካቹም እኩል ብድግ አሉ፤ «ኖር! ይቀመጡ አባባ!» ተባለ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያሉት ተጫዋቾች እንኳ ሜዳው ላይ ቀጥ አሉ። አባባ አግዳሚው ላይ ለብቻቸው ተቀምጠው የቆሙትን ሁሉ ቃኙና፣ በጆሮዬ «ሁሉም ተሸነፉ እንዴ?» አሉኝ። «በእግዜር፣ ተቀመጡ፣ ተጫወቱ» ብለው ቢለምኑ ማን ይስማ! ልጆቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ። ብዙም ሳንቆይ ወጣን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጉሙ ገና ከመንገዱ ሳይነሣ፣ በረንዳው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወሬ የለኝም፤ ያለኝን ወሬ ሁሉ ጨርሻለሁ። ሰው ሲደውል ብቻ የሚያነሡትን የእሳቸውን ስልክ አንሥቼ እባቧን ከፈትኩ። እውነቱን ለመናገር እጄን ሥራ ለማስያዝ ነበር። ትንሽ ቆይተው አንገታቸውን ሰገግ አደረጉና ምንድን ናት ይቺ አሉኝ። «እባብ ናት፣ አባባ» አልኳቸው። እግራቸውን ሰበሰቡና፣ ታዲያ እባብ ከሆነች አትገድላትም ወይ፣ ምን ታጫውታታለህ ብለው ተቆጡኝ።

አስረዳኋቸው። ነጥቧን ትበላለች፣ በበላች ቁጥር ትረዝማለች፣ ግድግዳውን ከነካች ትሞታለች አልኩ። ስልኩን ተቀበሉኝ። ዕድሜ ልኩን እርፍ የጨበጠ አውራ ጣት አንዱን ቁልፍ ሲጫን ጎረቤቱንም ጨምሮ ይጫናል፤ እባቧ ቀጥ ብላ ሄዳ ዳር ላይ ተላትማ ሞተች። አባባ ሲፈርዱ ሰከንድ አልፈጀባቸውም፤ «ድንበር ገፋች፤ ድንበር ገፊ መጨረሻው ይኸው ነው» አሉ። በዚያች ቀን ዘንገና ላይ ስንት ድንበር ገፊ እንዳለ ስም በስም ሰማሁ። ካመጣኋቸው ጀምሮ ይህን ያህል አውርተው አያውቁም።

ከዚያ እኔ ልያዝልዎት አልኳቸው፤ እሳቸው መሪ ሆኑ። «ወደ ቀኝ መልሳት! ኧረ መልሳት! ቀስ፣ ቀስ፣ አታዋክባት!» ይላሉ ትከሻዬን እየገፉ። እባቧ በላች፣ ረዘመች፣ ማያ ገጹን ሞላችው። በመጨረሻ የምትዞርበት ጠፋትና የገዛ ጅራቷን ነክሳ ሞተች። በዕድሜዬ እንዲያ አርቄ አልተጫወትኩም፤ አባባ ይኮሩብኛል ብዬ ቀና ስል ፊታቸው ጠቁሯል።

«ይቺ እባብ እምትበላው ከማን ጋራ ነው?» አሉኝ። ብቻዋን ነው አልኩ። «እንብላ እምትለው ሰው የላትም?» አሉ። የላትም፣ ጌሙ እንዲያ ነው የተሠራው አልኩ። «እንግዲያማ ብትሞት ምን ይደንቅሃል? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አሉና ስልኩን ከእጄ ወስደው ጭኔ ላይ ደፉት። ከዚያ ወደ ጉሙ እያዩ፣ ለእኔ ይሁን ለጉሙ በማይታወቅ ድምፅ፣ «እናትህ አንድም ቀን ለብቻዬ አቅርባልኝ አታውቅም» አሉ።

እኔ የተማርኩ ነኝ ባይ ሰውየ፣ አባቴን ከምግብ ያራቃቸው የእኔ አክብሮት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። አስበለጥናቸው፣ አስቀደምናቸው፣ አዲሱን ትሪ ሰጠናቸው፤ «እንብላ» የሚሉትን ሰው ግን ከፊታቸው አነሣንባቸው። እኛ አገር ሰው ሲበላ መንገደኛ እንኳ ቢያልፍ «እንብላ» ይባላል። አላፊው «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ቢሄድም ማዕዱ ምስክር አገኘ ማለት ነው። እኛ ግን አባባን ያስተናገድነው ቆመን ነው፤ ለቆመ አስተናጋጅ ደግሞ እንብላ አይባልም።

የሺ ለምሳ ድንች ወጥ ይዛ ስትመጣ አላስታጠብኳቸውም፤ አብሬያቸው ታጠብኩ። ተቀመጥኩ። የሺንም ጎትቼ አስቀመጥኳት፤ ዓይኗ ፈጠጠ፤ አማቿ ፊት እንዲህ ተቀምጣ አታውቅም። አባባ ትሪውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ባረኩ። ከዚያ «በሉ እንብላ» አሉ። እንጀራውን ቆርሰው መጀመሪያ ያጎረሱት የሺን ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሟት። ለእኔም እንዲሁ። ከዚያ ዝቅ ብለው መብላት ጀመሩ፤ የድንች ወጡ ዳርም ሳይቀር ተጠረገ፣ የሺ ልትጨምር ተነሣች። አለቀስኩ። ቃሪያው ነው አልኩ፤ ቃሪያ ግን አልነበረበትም።

እንግዲህ ከጌሞች ሁሉ እባቧን የማስበልጠው ስለዚህ ነው። ጌም የሚያረጀው ተጫዋቹ ብቻውን ሲሆን ይመስለኛል። የኳሱ ጌም በየዓመቱ ስሙን እየቀየረ ሲመጣ ጌም ቤቱ የማይፈርሰው ለምንድን ነው? ሁለት ሰው ይጫወታል፣ ቀሪው ከኋላ ቆሞ «አቀብል! አቀብል እንጂ!» ይላል፤ ያ የሚጮኸው ነው ጌሙን ያቆየው። እባቧም ብቻዋን የምትበላ ምስኪን ብትሆን እንኳ ትንሿ ማያ ገጿ ሁለት ራስ ታቀራርባለች። አዲሱ ስልክ በቀለም ያሸበረቀ ነው፤ ለማየት ግን ትከሻ ለትከሻ መነካካት አያስፈልግም። ባልደረባዬ ይህን ቢሰማ ስሜታዊ ነህ ይለኛል። ነኝ።

አባባ ከእኛ ጋር እየበሉ ጋቢያቸውን መልሰው ሞሉት። ሰኔ ሲገባ ግን መሬቱ ጠራቸው። ሂዱ ማለት አቃተኝ፣ ቅሩ ማለትም አቃተኝ። ጎረቤት አለ፣ ዘመድ አለ ቢሉኝም፣ ያ ባዶ ቤትና ያ አንድ ሰው የሚቀመጥበት ማዕድ ነበር በዓይኔ የሚዞረው። ሸኘኋቸው።

በማግሥቱ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ነኝ። ምሳ ሰዓት አልፏል፤ ሰብሳቢያችን ግን «በመጨረሻም» ካሉ ብዙ ቆይተዋል። ስልኬ ጮኸ። አባባ ናቸው። አጎንብሼ ባነሣው የዘንገና ሰው ኔትወርክ የሚያምነው በጩኸት ነውና ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው፦ «ልጄ! ቀርቦልኛል! እንብላ!»

ሰው ሁሉ ዘወር አለ። ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እርስዎ ይብሉ ብዬ አንሾካሾክሁ። «ግድ የለም፣ እጠብቅሃለሁ» አሉ። እንደሚጠብቁ አውቃለሁ፤ ወጡ እስኪበርድ፣ እስኪመሽ፣ ትሪውን በሁለት ጣታቸው እስኪገፉት ድረስ ይጠብቃሉ። ከስብሰባ አቋርጬ ወጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እጄን አወጣሁና፣ አባቴ ለምሳ እየጠበቁኝ ነው አልኩ። ሰብሳቢው የት ናቸው አሉኝ። ዘንገና ናቸው አልኩ። መቼ ሄደህ መቼ ልትመለስ ነው አሉኝ። አይ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው የምንበላው ብዬ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ የሚበላ ነገር የለም፤ የግድግዳ ማስታወቂያና ባዶ ወንበር ብቻ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «እንብላ፣ አባባ» አልኩ። ሲቆርሱ ሰማሁ። እኔም ባዶ አፌን እያንቀሳቀስኩ ማላመጥ ጀመርኩ፤ እንዲሰማቸው አሳምሬ፣ ጎረስ እያደረግሁ፣ ዋጥ እያልኩ። ተመስገን፣ እየበሉ ነው። ደስታው ይሁን ረሃቡ እንጃ፣ መዋጡን ረሳሁትና ማላመጡን ቀጠልኩበት። ከዚያ አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማንም እንዳይሰማ ተጠንቅቀው፣ «ልጄ፣ የሺ ዛሬ ድንቹን ሳይበስል ነው እንዴ የቋጠረችልህ?» አሉኝ።