ጋሽ አስረስና «ሃይፖ» የሚባለው ቃል

በየሰፈሩ፣ የሐኪም ቃል ሳይተረጉም የማያሳልፍ አንድ ሰው አይጠፋም። ወልቂጤ፣ ሳሌሃ ቅመም በምትሸጥበት ሰፈር፣ ይህ ከባድ ሹመት የጋሽ አስረስ ነው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ከሐኪም ቤት የተመለሰ ሰው ቤቱ ከመግባቱ በፊት እሳቸው ደጅ ጎራ ይላል፤ ምን እንደታመመ የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ሳሌሃ ሰሞኑን ብድግ ስትል ዓይኗ እየጨለመባት ተመረመረችና «ሃይፖቴንሽን» ተባለች። ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበት ስለነበር ቃሉን ብቻ ይዛ ወጣች። እንዳይጠፋባት ባጃጅ ውስጥ እየደጋገመች ጋሽ አስረስ ዘንድ አደረሰችው።

«ሃይፐር ነው» አሉ ጋሽ አስረስ። «ከልክ ያለፈ ማለት ነው። ቃሉ የግሪክ ነው።»

ሐኪሙ ያለው ሃይፖ መሆኑን ብትነግራቸውም አልተበገሩም። እንግሊዙም ፈረንሳዩም ጣሊያኑም ከግሪክ ወስደው እንደየአፋቸው እንደሚጠሩት፣ የጉራጌዎቹ ቸሃና ክስታኔ እንኳ አንዱን ነገር ለየብቻ እንደሚጠሩት አስረዷት። ስለዚህ የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ ጨው ይቅርባት።

ሳሌሃ ግራ ገባት። ግፊት ያለባት እህቷ ሰልሚያ ራሷን ያማታል እንጂ ስትነሳ አትንገዳገድም። ጋሽ አስረስ ግን ልጆቿን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጎመኑንም አይቡንም ያለ ጨው በላች። ባሰባት። ተመልሳ ስትነግራቸው፣ ጨው በርበሬው ውስጥ ተደብቆ ይሆናል ብለው በርበሬም ከለከሏት። የቅመም ነጋዴዋ በርበሬ አቆመች።

ሐሙስ ገበያ መሃል ሚዛኑ ላይ ተደፋች። ስትነቃ ሆስፒታል ናት፤ ክንዷ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል። ነርሷ ሃይፖ ማለት ዝቅ ማለት እንደሆነ፣ ግፊቷ መውረዱን፣ ጨውም መተው እንዳልነበረባት ስትነግራት ጋሽ አስረስ እግርጌዋ ቆመው ይሰማሉ። ለካ በባጃጅ ደግፈው ያመጧት እሳቸው ናቸው።

ሳሌሃ ልትቆጣቸው ተዘጋጅታ ነበር። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን እያሻሹ ግድግዳውን ያያሉ። የጎን አልጋዋ ሴት ትርፍ አንጀትን ሐኪሞቹ ለምን አፔንዲክስ እንደሚሉት ብትጠይቅ እንኳ ዝም። ይሄ ሳሌሃን ከሕመሙ በላይ አስፈራት።

«ጋሽ አስረስ፣ ይሄ ጉሉኮስ የሚሉት ግን ምንድን ነው?» አለቻቸው።

ቀና ብለው ከረጢቱን አዩት። «አላውቅም» አሉ። «ጠይቄ ልምጣ።»

ወጡ። ብዙ ሳይቆይ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ተሰማ፤ ነርሷን ጠይቀው ጨርሰው፣ አሁን ለተኮለኮለው አስታማሚ ሁሉ እያስረዱ ነበር። ትክክል ይሁኑ ስህተት ሳሌሃ አልለየችም። ትራሷን አመቻችታ ማዳመጧን ቀጠለች።