እትዬ ዘይነባን የሚቀድም ጠፋ

የእኛ ግስ ራሱን የቻለ ነው። «አልነገርኳትም» ስትሉ፣ ማን ለማን ምን እንዳላደረገ በአንድ ትንፋሽ አልቋል። የእንግሊዝኛው ግን ረዳት ሳይቀጥር ሥራ አይጀምርም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ነፍሱን ይማርና ባለቤቴ ተፈራ ነው። ካርቱም፣ ጀብራ በተከራየነው ቤት ግቢ፣ ዓርብ ዓርብ እረፍት ለሚወጡ የቤት ሠራተኞች እንግሊዝኛ ሲያስተምር ትምህርቱን የሚከፍተው በዚህ ወሬ ነበር። ሴቶቹ ይስቃሉ። ረዳትነትን ከእነሱ በላይ ማን ያውቀዋል?

ከተማሪዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት የወሎዋ እትዬ ዘይነባ ነበሩ። እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር የሚሠሩበት ቤት ልጃቸውን ይዘው እንዲያድሩ ስላልፈቀደ፣ ልጅቷ የምታድረው ዘመድ ቤት ነው። ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ያለች አንዲት የውጭ አገር ሴት ግን እንግሊዝኛ የምትሞክር ሠራተኛ ካገኘች ከነልጇም ትቀበላለች ተባለ። ቀጠሮው ለቅዳሜ ነው። ዓርብ ዕለት ተፈራ «ለዓመታት ምግብ ሳበስል ኖሬያለሁ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሊያስጠናቸው ብሎ ሴቶቹን እንደ ቃላት አሰለፋቸው። አንዷ «ሃቭ»፣ ሌላዋ «ቢን»፣ ዋናው ግስ «ኩኪንግ» ደግሞ እትዬ ዘይነባ፤ ከሁሉም ኋላ።

ትምህርቱ እዚያው ቆመ።

«ኡስታዝ፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት ከኋላዬ አቁሜ?» አለች ሃቭ። ቢንም ዞር ብላ፣ «እርስዎ ይቅደሙ፣ እትዬ» አለች። «ኧረ በሞቴ፣ እናንተው እለፉ» አሉ እትዬ ዘይነባ። ሲገባበዙ ኩኪንግ ሁሌ ፊት ትገኛለች። እንግሊዝኛ በይሉኝታ ተገለበጠ።

ተፈራ ጠመኔውን አስቀመጠ። «ትልቅ ሰው በአጀብ ሲያልፍ ከመኪናው የሚቀድመው ማን ነው?»

«የፖሊስ ሞተሩ» አሉ ሴቶቹ።

«ታዲያ ሞተረኛው ይበልጣል?»

እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ያላ፣ እለፉ። መንገድ ጥረጉልኝ።»

ቅዳሜ እትዬ ዘይነባ በረክሻ፣ በእኛ ባጃጅ፣ ሄዱ። ሴትዮዋ ጥርት ባለ ዓረብኛ ተቀበለቻቸው። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን አንስተው አስቆሟትና እንግሊዝኛቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሉላት። «ያን ሁሉ ሰው አስቀድሜ በዓረብኛ ልገባ ኖሯል?» አሉን በኋላ በስልክ። ተቀጠሩ። ልጅቷም ከእናቷ ጎን ማደር ጀመረች።

ታዲያ የአዲሱ ቤት እረፍት እሑድ ሆነ፤ ዓርብ ሥራ ነው። ተፈራ እንደ እሳቸው የኮራበት ተማሪ አልነበረውም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ግቢያችንን አልረገጡም። ቅር አላለህም ወይ ስለው፣ «ያስተማርኳቸው እንዲሄዱ አይደል?» ይለኝ ነበር።

እኔ መቼም፣ እሱም ራሱ ከሄደ በኋላ፣ ይህኛውን ትምህርት ገና አልጨረስኩትም።