ሲጢጥ ያላለው በር ዜና መዋዕል

ታላቁ ፊውዝ በተቃጠለ በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማራዘሚያ ገመድ፣ በዕለተ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ የሰፈሩ የኪነ ጥበብ ቤት በር ሲከፈት ሲጢጥ አላለም፤ ይህንንም በጊዜው ልብ ያለ አልነበረም።

ወእምዝ ድምፅ አዳኙ፣ ባልዲ አናጋሪው፣ የማቀዝቀዣን ማጉረምረም ዜማ ያደረገው ሙዚቀኛ፣ ያን ፊውዝ አቃጥሎ ሰፈሩን ካጨለመባት ምሽት ጀምሮ ርቆት ወደኖረው ቤት ከነሠራዊቱ ገባ። የእህቱ ባል ድምፅ ማጉያውን ተሸክሞ፣ አክስቱ የራስ ምታት ክኒን ይዘው፣ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ጉዱን ልይ ብሎ ባዶ እጁን ተከተሉት። በስተኋላም እናቱ፣ ንቅሕተ ስጋት፣ ክፉን ከሩቅ አሽታች፣ ሻማ፣ ባትሪ፣ ፋሻ፣ እሳት ቢነሣም ብለው አሸዋ የሞሉትን ጣሳ አንጠልጥለው ዘለቁ።

የቤቱ ኃላፊም፣ ሰፈሩ እትዬ ቁልፍ የሚላቸው፣ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ይህ ልጅ የሠራንን የረሳ የለም። ዛሬ ዜማውን ከወደድንለት ሰኞ ቁልፍ እሰጠዋለሁ፣ እንደ ልቡ ይለማመድ። ካልሆነ ግን ይቺን ደፍ ዳግመኛ አይረግጣትም።»

እናት የአሸዋ ጣሳቸውን ወደ ራሳቸው አስጠጉ፤ ልጃቸው እስከዚያች ቀን ጎረቤት እንዳይሰማ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲለማመድ ኖሯልና።

ያን ጊዜ ሙዚቀኛው ማይክሮፎኑን ከበሩ ማጠፊያ ጋር አሰረ። ከልጅነቱ ጀምሮ በጆሮው ያኖረው የዚህ በር ሲጢጥታ ነበር፤ ድርሰቱም በሙሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነው። ከፈተው፤ ዝም። ዘጋው፤ ዝም። ቢወዘውዘውም በሩ እንደ ጥጥ ሆነ።

እናት ምክንያቱን አወቁ። ጠዋት ወለል ላጥብ ብለው ቀድመው መጥተው፣ ይህ በር መሀል ላይ ጮኾ ልጄን ያዋርደዋል በማለት፣ የስፌት መኪናቸውን ዘይት ማጠፊያው ላይ አሟጠው ያንቆረቆሩት እሳቸው ነበሩ።

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ እትዬ ቁልፍም ቁልፎቻቸውን አንቃጨሉ። እናት ግን መቀመጥ አቃታቸው፤ ወዲህ ሲሉ አሮጌው የእንጨት ወንበር ሲጢጥ፣ ወዲያ ሲሉ ቋ አለ። ሙዚቀኛው ጆሮውን አቀና። ማይክሮፎኑን ፈትቶ፣ ረድፉን ሰንጥቆ፣ ከእናቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ወንበሩ ላይ አሰረው። እናትም ይባስ ተጨነቁ፤ በተጨነቁም መጠን ወንበሩ አዜመ። ስለ ፊውዙ ሲያስቡ ወፍራሙ ድምፅ፣ ስለ እሳቱ ሲያስቡ ቀጭኑ ወጣ፤ ልጃቸውም ያንን እየያዘ፣ እየደራረበ፣ እየጎተተ አዳራሹን ሞላው። ልብስ ሰፊው እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። መብራቱም አልጠፋም፤ እናት ብቻ አሁን ይጠፋል፣ አሁን ይጠፋል እያሉ እስከ መጨረሻው ጠበቁ።

ጭብጨባው ሲበርድ እትዬ ቁልፍ ማጠፊያውን በጣታቸው ዳበሱ፤ ጣታቸውን አሸተቱ፤ እናትን ጎሪጥ አይተው አወጁ፦

«ሰኞ መጥቶ ቁልፉን ይውሰድ። ወንበሩን ማንም እንዳይጠግነው። እናትዬዋም በመጡ ቁጥር ዘይታቸውን እቤታቸው ትተው ይምጡ።»

ዝንቱ ውእቱ ገድሉ ለድምፅ አዳኙ፣ ከዝምታ ዜማ ላተረፈው፤ ውዳሴም ለእናቱ፣ በጭንቀታቸው አዳራሽ ላናወጡት፣ ባልተነሣ እሳት ላይ አሸዋ ለታጠቁት ይሁን። ሠራዊቱ ከወጣ በኋላ እትዬ ቁልፍ በሩን ሳብ አድርገው ቆለፉት፤ በሩም ድምፅ አላሰማምና እናት መቆለፉን አላመኑም፤ በትከሻቸው ገፉት፤ ጥቂት ተራምደው ተመለሱና ደግመው ገፉት፤ በእውነትም ተቆልፎ ነበር።