የታምሩ የሙዝ ቆጮ

ውለታ ሳይመልስ መሰናበት የማይችል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ይህ ሕመም እኛ ጌዴኦዎች ዘንድ ብዙ ሰው ይይዛል፤ የፍስሐ ገነት ከተማውን ልጅ ታምሩን ግን ኡጋንዳ ድረስ ተከትሎት ሄደ።

ከዲላ ለትምህርት ጉብኝት ሄደን ያረፍንበት ቤት ባለቤት ማማ ግሬስ ይባላሉ። ወር ሙሉ እንደ ልጆቻቸው አበሉን። ልንመለስ ሦስት ቀን ሲቀረን ታምሩ በጓሯቸው ያለውን ሙዝ አየና «ቆጮ ሠርቼ አመሰግናቸዋለሁ» አለ። የግብርና ተማሪ መሆኑን ለጊዜው እንርሳው።

«አንተ፣ ቆጮ ከእንሰት እንጂ ከሙዝ ይወጣል?» አልኩት።

«ዘመዳሞች ናቸው።»

«ዘመድ ሁሉ ይበላል?»

አልሰማኝም። አስፈቅዶ አንድ ግንድ ቆረጠ፣ ፋቀ፣ ጨመቀ፣ በቅጠል ጠቅልሎ ቀበረ። ወራት መብላላት የሚገባውን ነገር በሦስተኛው ቀን ቆፍሮ አወጣና ጋገረው። የመሰናበቻው ምሳ ላይ ሲያቀርብላቸው ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። እኚያን ደግ ሴት አሳምመን ልንሄድ ነው?

ማማ ግሬስ ቆረሱ። ብዙ አኘኩ። የቀረበላቸውን ምንም ሳያስተርፉ ጨረሱና አፋቸውን ጠረጉ።

«ጎበዝ ልጄ፤ ለየትኛው በሽታ ነው የሚወሰደው?»

ታምሩ ባዶውን ሳህን አነሣ። «ለናፍቆት ነው፣ እማማ።»

ዞር ብለው በሩ ሥር የተደረደሩትን ሻንጣዎቻችንን አዩ።

«እንግዲያው ጨምርልኝ» አሉት።